ልጅን ለእጅ ሙያ ስለ መስጠት፤ የኮሌጁና የሥራው ቤት አንድነት

በዚህ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ ሲጻፍ፥ አብዛኛው ነገር በቤት ውስጥ ስላለው ነው። ዛሬ ግን ልጁ ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ፥ ሙያ ለመማር በሌላ ሰው እጅ ስለሚገባበት ጊዜ ጥቂት ቃል ልንናገር እንወዳለን።

የእጅ ሥራ በአገራችን ብዙ ዘመን ተንቆ እንደ ኖረ የታወቀ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠው፥ ሸክላ የምትሠራው፥ ቆዳ የሚያለፋው በሥራቸው ስም ይሰደቡ ነበር፤ ዳሩ ግን የሰዳቢው ማረሻና ምጣድ ከእነዚሁ ሰዎች እጅ የወጣ ነበረ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ ዐዋጅ አስነገሩ። በ1934 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ የተግባረ እድ ትምህርት ቤት ተቋቋመ፤ እርሱም ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ ያስተምራል። ስለዚህ የባለ ሥልጣን ልጅም ቢሆን ቱታ ለብሶ ሞተር ቢፈታ ክብር ነው እንጂ ነውር አይደለም። በፊታችን የሚቀርበው ጥያቄ፥ ሙያውን እንዴት አድርጎ ይማረው የሚለው ነው።

ኮሌጅ ብቻውን ባለ ሙያ አያወጣም። በኮሌጁ ያለው ሞተር ብዙ ጊዜ የተፈታና የተገጠመ ስለ ሆነ በሽታው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ወደ ጋራዥ የሚመጣው መኪና ግን በሽታውን አይናገርም፥ ባለቤቱም ቆሞ ይቸኩላል። ጋራዡም ብቻውን አይበቃም፤ እጅን ያፈጥናል፥ ምክንያቱን ግን አያስረዳም። ይህን በማየት፥ መንግሥት በ2000 ዓ.ም. ያወጣው የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስልት የትብብር ሥልጠና ለተባለው ትልቅ ስፍራ ሰጠ። አሳቡ ከጀርመን አገር ልማድ ብዙ የተቀዳ ሲሆን፥ ከሥልጠናው ጊዜ 70 በመቶው በሥራ ቦታ፥ 30 በመቶው በኮሌጁ እንዲሆን የታሰበ ነው።

አሳቡ መልካም ነው፤ ጉዳቱ ከአፈጻጸሙ ይመጣል። ኮሌጁ ለተማሪው ደብዳቤ ጽፎ ይሰጠዋል፤ ተማሪውም ደብዳቤውን ይዞ ከደጅ ወደ ደጅ ይዞራል። የሚቀበለው ቤት ባገኘ ጊዜ መጥረጊያ ይሰጡታል፥ ሻይ ያመጣ ዘንድ ይልኩታል፥ ካቻቪቴ ያቀብላል፤ ወራቱ ሲፈጸም በደብዳቤው ላይ ማኅተም ተመትቶለት ይመለሳል። መምህሩ ልጁ በሥራ ቦታ ይማራል ብሎ ያምናል፤ ባለ ጋራዡም ልጁ የኮሌጁ ነው ብሎ ያስባል። በብቃት ምዘና ቀን ልጁ ሲወድቅ፥ ነገሩ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሆናል። ገንዘብ ቢጠፋ ይተካል፤ የልጁ እጅና ልቡና ለትምህርት ገና ልዝብ የሆኑበት ወራት ግን አይመለስም።

በባለ ጋራዡ ላይ ብቻ መፍረድ አይገባም። ዋናው መካኒክ ልጅ ሲያስተምር የሚውልበት ሰዓት ደንበኛ የሚጠብቅበት ሰዓት ነው፤ ለማጁ የሰበረውንም ዕቃ የሚተካ ባለ ቤቱ ነው። ምን እንዲያስተምር ያልተነገረው ሰው ደግሞ የቀለለውን ሥራ ያዝዛል፤ ይኸውም መጥረግና መላላክ ነው።

የቆሎ ተማሪም ለመምህሩ እንጨት ይለቅማል፥ ውሃ ይቀዳል፤ በዚህ ግን ትምህርቱ አይጎዳም። የኔታ ተማሪው ትናንት ከየት እንደ ደረሰ ያውቃሉ፤ ታላቁ ተማሪ ታናሹን ያስጠናዋል፤ ያላጠናው ወደሚቀጥለው አይሻገርም። እንግዲህ ለማጁን የጎዳው መጥረጊያው ሳይሆን፥ ከየት እንደ ደረሰ የሚያውቅለት ሰው ማጣቱ ነው።

ጀርመኖች ይህን በሕግና በልማድ አጽንተውታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 የሙያ ሥልጠና ሕግ አወጡ። ለማጁና አሠሪው በውል ይተሳሰራሉ፤ ልጁ እንደ ልማዱ በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን በሥራ ቤት፥ የቀረውን በትምህርት ቤት ይውላል፤ የሚያሠለጥነውም ሰው ለማስተማር መብቃቱን ያስመሰክራል። ለማጁ የሠራውን የሚጽፍበት መዝገብ አለው፥ ያለዚህም መዝገብ ለመጨረሻው ፈተና አይቀርብም። ፈተናውን የሚያዘጋጀው የንግድ ወይም የእጅ ሥራ ምክር ቤት ስለ ሆነ፥ አሠሪው ብቻውን በልጁ ላይ አይፈርድም።

የእኛም ሕግ በዚህ ነገር ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 የለማጅ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፥ የሥልጠናው ዐይነትና ዘመን፥ የሚከፈለው ገንዘብና የሥራው ሁኔታ እንዲገለጽበት ያዝዛል፤ አሠሪውም ለማጁን ለሙያው በማይረዳ ሥራ ላይ እንዳያሰማራው ይከለክላል። ዕድሜው ከ15 እስከ 18 ዓመት የሆነ ወጣት ሠራተኛም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዲሠራ አይፈቀድም።

እንግዲህ የኮሌጅ ሹም አራት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛ፤ ተማሪ ከመላኩ በፊት የሥራውን ቤት በዐይኑ ይይ፤ ሥራ በሌለበት፥ የባለ ሙያው ቍጥር ከለማጆቹ ጋር በማይመጣጠንበት፥ ከአደጋም መጠበቂያ በሌለበት ቤት ልጅ አያስገባ። ሁለተኛ፤ ልጁ የሚማረው ሥራ፥ ለምሳሌ ዘይት መለወጥ፥ ፍሬን መፈተሽ፥ የኤሌክትሪክ መሥመር መከታተል እየተባለ ተዘርዝሮ ይጻፍ፤ ዝርዝሩም ለሚያስተምረው ለአንዱ ባለ ሙያ በስሙ ይሰጥ። ሦስተኛ፤ ተማሪው የሠራውን በየሳምንቱ ይጻፍ፥ ባለ ሙያው ይፈርምበት፥ የኮሌጁም መምህር በተወሰነ ቀን ሄዶ መዝገቡን ከልጁ እጅ ሥራ ጋር ያስተያይ። አራተኛ፤ ባለ ሙያውን ያክብር፥ ውለታውንም ይመልስ፤ የኮሌጁን ማሽን ያውሰው፥ ሠራተኞቹንም በማታ ያስተምርለት። ጋን በጠጠር ይደገፋልና፥ በትንሽ ውለታ ትልቅ ሥራ ይቆማል።

የወላጅም ድርሻ አለ። ልጁ ማታ ሲመለስ «እንዴት ዋልህ?» ማለት መልካም ነው፤ «ዛሬ ምን ሠራህ? ማንስ አሳየህ?» ብሎ መጠየቅ ግን ይበልጣል። ለሁለት ሳምንት መልሱ ያው አንድ ከሆነ፥ መዝገቡን አስይዞ ወደ ኮሌጁ መሄድ ይገባል፤ ዕድሉ ነው ብሎ ዝም ማለት ልጅን መበደል ነው። ሴት ልጅም ስትላክ፥ የምትሠራበትን ቤት፥ የምትመለስበትን ሰዓትና አቤት የምትልበትን ሰው ወላጆቿ አስቀድመው ይወቁ።

ልጅ አደራ ነው። ይህን አደራ ኮሌጁ ከወላጅ፥ ባለ ሙያውም ከኮሌጁ ይቀበላል። ሦስቱ በአንድ መዝገብ ላይ ከተገናኙ ልጁ ከሁለት ቤት ተምሮ ይወጣል፤ ካልተገናኙ ግን ሁለት ቤት እያለው የሚያስተምረው ያጣል።