በኤሌክትሪክ የሚሄድ ተሽከርካሪ ወንበር በመኪና ውስጥ እንዴት ሊታሰር ይገባል?

ባለፈው ዓመት ከኮሌጃችን ተማሪዎች አንዱ፥ በኤሌክትሪክ በሚሄድ ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም ጓደኛችን፥ በኪራይ ሚኒባስ ሲሳፈር አብረነው ነበርን። የኋላው መቀመጫ ተነሥቶ ወንበሩ ከነሰውየው በሁለት ሳንቃ ላይ ተገፍቶ ገባ። ሹፌሩ ቅን ሰው ስለ ነበረ፥ እንዳይንቀሳቀስ ብሎ ሁለቱን የክንድ ማሳረፊያዎች በገመድ አጥብቆ አሰራቸው። ጥቂት እንደ ሄድን አንድ ልጅ መንገዱን ሲያቋርጥ ሹፌሩ በድንገት ፍሬን ያዘ። አንደኛው የክንድ ማሳረፊያ ከነገመዱ ተነቀለ፤ ወንበሩም ወደ ፊት ተንሸራትቶ የጓደኛችንን ጉልበት ከፊት ካለው መቀመጫ ጋራ አጋጨው። ጉዳቱ እግዚአብሔር ይመስገን ቀላል ነበር። ነገር ግን ሁላችንም አንድ ነገር ተረዳን፤ ገመዱ አልተበጠሰም፥ ጥፋቱ የታሰረበት ቦታ ነበር።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ስለዚህ ነው። ዓላማችን ወንበሩና ሰውየው በመኪና ውስጥ እንዴት እንደሚጠበቁ፥ ምክንያቱንም ጭምር፥ በቀላል አነጋገር ለማስረዳት ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ወንበሩ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ጆርጅ ክላይን የተባለ ካናዳዊ መሐንዲስና ባልደረቦቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለቈሰሉ ወታደሮች የኤሌክትሪክ ወንበር ሠሩ፤ በ1956 ደግሞ ኤቨረስትና ጄኒንግስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በብዛት እየሠራ ለገበያ አቀረበ። በእጅ የሚገፋውና የሚታጠፈው ወንበር አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ኪሎ አይበልጥም። የኤሌክትሪኩ ግን ከነባትሪውና ከነሞተሩ ብዙ ጊዜ ከ100 ኪሎ ያልፋል። ከዚህም በላይ ብዙዎቹ የተሠሩት በቤትና በመንገድ ለመሄድ እንጂ የመኪና መቀመጫ ለመሆን አይደለም።

አሁን አንባቢ ከእኛ ጋራ ትንሽ ሒሳብ ይሥራ። በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 13.3 ሜትር ያህል ይጓዛል። አንድ ዕቃ ይህን ፍጥነት በውድቀት የሚያገኘው 9 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ቦታ ሲወድቅ ነው። እንግዲህ በዚህ ፍጥነት ከግንብ ጋራ መጋጨት ከባለ ሦስት ፎቅ ቤት ጣሪያ እንደ መውደቅ ይቈጠራል። መኪናው ሲቆም ፍጥነቱ የሚቀንስበት መጠን ከመሬት ስበት 20 እጥፍ ቢደርስ፥ 120 ኪሎ የሚመዝነው ወንበር ለዚያች ቅጽበት 2400 ኪሎ እንደሚከብድ ሆኖ ወደ ፊት ይገፋል። ይህን የሚያቆም የሰው ክንድ የለም፤ የወንበሩ ፍሬንም ቢሆን አያቆመውም።

እነዚህን ቍጥሮች ያለ ምክንያት አልመረጥንም። በ2000 በአሜሪካ የወጣው፥ በ2001ም በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት የወጣው የወንበር መመዘኛ የሚጠይቁት ፈተና ይህንኑ የመሰለ ነው። ወንበሩ የሰው አምሳያ አሻንጉሊት ተቀምጦበት በተንሸራታች መድረክ ላይ ይታሰርና በ48 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የግጭት ፈተና ይደረግበታል። ፈተናውን ያለፈ ወንበር አራት ምልክት ያለባቸው የማሰሪያ ቦታዎች አሉት።

ከሁሉ የሚበልጠው ሕግ ይህ ነው፤ ወንበሩና ሰውየው ሁለት ጭነቶች ናቸው፥ ለየብቻም መታሰር አለባቸው። ወንበሩ ታስሮ ሰውየው ካልታሰረ፥ ሰውየው ከወንበሩ ተወርውሮ ይወድቃል። ሰውየው ታስሮ ወንበሩ ካልታሰረ ደግሞ የወንበሩ ክብደት ሁሉ ከኋላ መጥቶ ሰውየውን በራሱ ቀበቶ ላይ ይጨምቀዋል። ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ሁለተኛውን ነው።

ወንበሩን ስለ ማሰር።

1ኛ፤ ወንበሩ ፊቱን ወደ መኪናው ፊት ያዙር። ወደ ጎን ዞሮ መጓዝ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ወንበሩም ሆነ የሰው አካል ከጎን የሚመጣውን ኃይል አይችልም።

2ኛ፤ አራት ጠንካራ ጠፍሮች፥ ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ፥ ከወለሉ ወደ ወንበሩ ይያዙ። መኪናው ከፊት ሲጋጭ ወንበሩ ወደ ፊት ስለሚሸሽ ትልቁን ጭነት የሚሸከሙት የኋላዎቹ ሁለት ናቸው። እነዚህ ከወለሉ ጋራ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያለው ማዕዘን ቢሠሩ ይመረጣል።

3ኛ፤ መንጠቆው የሚያዘው በወንበሩ ዋና የብረት አካል ላይ፥ ብረቱ በተበየደበት ወይም በጠንካራ ብሎን በተያያዘበት ቦታ ነው። በመንኰራኵር፥ በክንድ ማሳረፊያ፥ በእግር ማሳረፊያ፥ በማናቸውም ተነቃይ ነገር ላይ ፈጽሞ አይያዝም።

4ኛ፤ ጠፍሩ አይጠማዘዝ፥ በስለት ላይም አይለፍ። ከታሰረ በኋላ የወንበሩ ኤሌክትሪክ ይጥፋ፤ የመንጃ እጀታውን ክርን ቢነካው ወንበሩ በገዛ ጠፍሩ ላይ ይታገላልና።

ሰውየውን ስለ ማሰር። ቀበቶው የሚያርፈው በአጥንት ላይ እንጂ በለስላሳ ሥጋ ላይ አይደለም። የታችኛው ቀበቶ በዳሌ አጥንት ላይ፥ ከጭኑ መጀመሪያ አጠገብ ዝቅ ብሎ ይለፍ፤ ወደ ሆድ ከወጣ አንጀትንና ጉበትን ይጐዳል። በክንድ ማሳረፊያዎቹ ውስጥ አልፎ ገላን ይንካ እንጂ ከውጭ አይዙር፤ ከውጭ ከዞረ በቀበቶውና በሰውየው መካከል ባዶ ቦታ ይቀራል። የላይኛው ቀበቶ በትከሻው መካከልና በደረቱ ላይ ያልፋል፥ አንገትን አይነካም። በወንበሩ ላይ ያለው ትንሽ ቀበቶ ብዙውን ጊዜ ሰውየው ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ የተሠራ ነው፤ ለግጭት ካልተፈተነ በስተቀር የመኪናውን ቀበቶ ሊተካ አይችልም።

አንዳንድ ሰው ይህ ሁሉ ማሰሪያ ምቾትን ይነሣል ይላል። እኛ ግን ነገሩን ስንመረምር ምቾትና ደኅንነት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሆነው አገኘናቸው። አንገትን የሚፍቀው ቀበቶ በግጭት ጊዜም አንገትን የሚጐዳው ነው። የላላው ጠፍር በየጕድጓዱ ወንበሩን ያናውጣል፥ በአደጋ ጊዜም ያስፈተልካል። እንዲሁም በጣም ወደ ኋላ የተጋደመ መደገፊያ ያሳርፋል ቢባልም፥ ከ30 ዲግሪ በላይ ከተጋደመ ሰውየው ከቀበቶው ሥር ሾልኮ ሊወጣ ይችላል። ደግሞ እግሩ ስሜት የሌለው ሰው ጠፍር ቢጫነው አይሰማውም፤ ስለዚህ በዐይን ማየት ግድ ነው። የሚያስረውም ሰው እጁን በሌላው ገላ ላይ ከማሳለፉ በፊት «ፈቃድዎ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ተሳፋሪው ጭነት አይደለም።

ሌሎችም ዘዴዎች አሉ። አንዱ ከወንበሩ ሥር የተተከለ ብረት ወለሉ ላይ ባለው መቆለፊያ ገብቶ በራሱ የሚቆለፍበት ነው። ሰውየው ያለ ረዳት መሳፈር ስለሚችል ነፃነት ይሰጠዋል፥ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው። በአውሮፓ ባሉ ብዙ የከተማ አውቶቡሶች ደግሞ ተሳፋሪው ጀርባውን ወደ ሹፌሩ አዙሮ፥ ጠንካራ መደገፊያ ተጠግቶ ያለ ጠፍር ይጓዛል። ይህ የሚሆነው ትልቅ አውቶቡስ በከተማ ውስጥ በዝግታ ስለሚሄድና ብርቱ ፍሬኑም እንኳ ከግጭት ጋራ ሲተያይ ለስላሳ ስለሆነ ነው፤ ለሚኒባስ ምሳሌ ሊሆን አይችልም። በአሜሪካ በ1990 የወጣውን የአካል ጉዳተኞች ሕግ ተከትሎ የተደነገገው ደንብ፥ በአውቶቡስና በቫን የታሰረ ወንበር በተለመደ ጕዞ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዳይንቀሳቀስ ያዝዛል። በዚያ አገር በሹፌርነት የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን ስላሉ ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም።

አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2010 አጽድቃለች፤ ስምምነቱም ስለ መጓጓዣ በግልጽ ይናገራል። ነገር ግን ሕጉ በወረቀት ሲኖር ወንበሩን በወለል ላይ የሚይዘው መንጠቆ ነው። ሰውየው ወደ መኪናው መቀመጫ መዛወር ከቻለ ከሁሉ የተሻለው እርሱ ነው፤ ባዶው ወንበርም ለብቻው ይታሰር። መዛወር ካልቻለ አራት የወለል መያዣዎች ያስፈልጋሉ፤ እነዚህም በስሱ ላሜራ ላይ ሳይሆን ከመኪናው ጠንካራ ብረት ጋራ፥ ሥራውን በሚያውቅ ባለሙያ መታሰር አለባቸው።

ጓደኛችን አሁንም በዚያው ሹፌር ሚኒባስ ይሄዳል። የክንድ ማሳረፊያው ተጠግኗል፤ ገመዱ ግን ተጥሎ በቦታው አራት ጠፍሮች ገብተዋል። ሹፌሩ ከመነሣቱ በፊት ወንበሩን በእጁ ይዞ ይነቀንቀዋል፥ ከዚያም ጓደኛችንን «ተመቸህ ወይ?» ብሎ ይጠይቀዋል። የዚህ ሁሉ ትምህርት ፍሬ በእነዚህ በሁለቱ ነገሮች ውስጥ ያለ ይመስለናል።