በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ፦ ታይሮይድና ኢንሱሊን

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት መከራ በመከራ ላይ መደረቡን ይናገራል፤ አንዱ ሌላውን አመጣው ግን አይልም። የታይሮይድ ሕመምተኛ ሰውነት ኢንሱሊንን አልሰማ ሲል የሚነሳውም ጥያቄ ይኸው ነው፤ መደራረብ ነው ወይስ ዝምድና? ጃፓናዊው ሐኪም ሃካሩ ሃሺሞቶ እ.ኤ.አ. በ1912 ከአራት ሴቶች አንገት የወጣ የታይሮይድ ዕጢ መርምሮ ነጭ የደም ሴሎች እንደወረሩት ጻፈ። በ1956 ደግሞ በእንዲህ ያሉ ሕሙማን ደም ውስጥ በገዛ ዕጢያቸው ላይ የተነሱ ፀረ እንግዳ አካላት ተገኙ። ከአዮዲን እጥረት የሚመጣውን እንቅርት አዮዲን ያለው ጨው ይከላከለዋል፤ እዚህ ግን የሰውነት ጠባቂው ራሱ ነው ቤቱን የሚያፈርሰው።

ዝምድናው አለ፤ የሚያልፈው ግን በታይሮይድ ሆርሞን መጠን በኩል ነው ብዬ እሞግታለሁ። በሐኪሙ ስም የተጠራው የሃሺሞቶ ሕመም ሆርሞኑን ሲያሳንስ ጡንቻ ኢንሱሊን እያለ ስኳር የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል። ግሬቭስ የተባለው ሌላው የታይሮይድ ሕመም ሆርሞኑን ሲያበዛ ደግሞ ጉበት ስኳር ወደ ደም ይለቃል፤ ኢንሱሊኑም ቶሎ ከደም ይወገዳል። ሁለቱም ሰውነት ራሱን የሚያጠቃባቸው ሕመሞች ናቸው፤ ጥፋተኛው ጥቃቱ ብቻ ቢሆን ስኳሩን የሚያዛቡበት መንገድም በተመሳሰለ ነበር። ሆርሞኑ ሲስተካከል ኢንሱሊኑ በአብዛኛው መልሶ መደመጡም ይህንኑ ይደግፋል።

የታይሮይድ ሕመምና ዓይነት አንድ ስኳር አብረው ይታዩ የለም ወይ የሚል ይኖራል። ይታያሉ፤ የሚጋሯቸው ዘረ መሎችም አሉ። ያ ስኳር ግን የሚመጣው ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨት ሲያቆም ነው፤ የእኛ ጥያቄ ኢንሱሊኑ እያለ አለመሰማቱ ነው። ሆርሞናቸው ደህና፣ ፀረ እንግዳ አካላቸው ግን ከፍ ያለ ሰዎችስ? በእነሱ ላይ የተገኘው ማስረጃ እርስ በርሱ አይስማማም፤ አንዱ ምክንያት ውፍረት ነው። ውፍረት ኢንሱሊንን ከማዳከም አልፎ ታይሮይድን የሚያዘውን ሆርሞን፣ ቲኤስኤችን፣ ከፍ ያደርጋል፤ ክብደት ሲቀንስም ቲኤስኤች ይወርዳል። ስለዚህ ውጤት የመሰለን ነገር መነሻ ሊሆን ይችላል።

የላቦራቶሪ ወረቀትም ያሳስታል። ታይሮይዱ ደክሞ ባልታከመ ሰው ላይ መቅኔ አዳዲስ ቀይ የደም ሴሎችን ቀስ ብሎ ያመርታል፤ ያረጁት ብዙ ስኳር ይሸከማሉ። በዚህም የሦስት ወር አማካይ ስኳር የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲ ስኳሩ ሳይጨምር ከፍ ብሎ ሊነበብ፣ የታይሮይድ ክኒን ሲጀመርም ሊወርድ ይችላል። የጾም ስኳርና ቲኤስኤች ጎን ለጎን ካልተነበቡ፣ ጆሮ ደግፍ ተብሎ የሚታከመው የእንቅርቱ ጥላ ይሆናል።