አሮጌው ፕሮግራም በአዲሱ ኮምፒውተር ለምን አልከፈት ይላል?

የሽያጭና የብድር መዝገቡን ለዓመታት በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር የያዘ ድርጅት፣ አዲስ ሲገዛ ፕሮግራሙን መገልበጥ ብቻ የሚበቃው ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ በዶስ ዘመን የተጻፈ ፕሮግራም በአዲሱ ላይ አልከፈት ይላል፤ መዝገቡም ተቆልፎ ይቀራል። ምክንያቱ የኮምፒውተሩ ብልሽት ሳይሆን የአሠራር ለውጥ ነው።

አይቢኤም እ.ኤ.አ በ1981 ለገበያ ያቀረበው የግል ኮምፒውተር ባዮስ የተባለ መሠረታዊ ፕሮግራም በውስጡ ነበረው። ሌሎች ፕሮግራሞች ጽሑፍ በስክሪን ለማሳየት፣ ከዲስክ ለማንበብ ወይም ከኪቦርድ ፊደል ለመቀበል ባዮስን በተወሰነ ቁጥር ይጠሩታል። ጥሪው ሲደርስ ፕሮሰሰሩ የያዘውን ሥራ አቋርጦ፣ በሚሞሪው መጀመሪያ ላይ ካለው ሠንጠረዥ አድራሻ አንብቦ ወደ ባዮስ ይሄዳል። ጥሪው «ኢንተራፕት» ወይም ማቋረጫ የተባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ አሠራር ቀላል ቢሆንም አጥር አልነበረውም። አንድ የተሳሳተ ፕሮግራም የሌላውን መረጃ ሊያጠፋ ይችል ነበር። ኢንቴል በ1982 ይፋ ያደረገው 80286 ፕሮሰሰር «ፕሮቴክትድ ሞድ» የተባለውን፣ ፕሮግራሞችን በየክልላቸው ለማጠር የሚያስችል አሠራር ይዞ መጣ። በዚህ አሠራር የቀድሞው ሠንጠረዥ አያገለግልም፤ ለቀድሞው አሠራር የተጻፈው ባዮስም በቀጥታ አይጠራም።

መፍትሔው በ1985 ከወጣው 80386 ፕሮሰሰር ጋር መጣ። አሮጌው ፕሮግራም በታጠረ ክልል ውስጥ ሆኖ በቀድሞው ኮምፒውተር ላይ ብቻውን ያለ ይመስለዋል። ባዮስን ሲጠራ ግን ጥሪው አስቀድሞ የሚደርሰው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ዘንድ ነው። እርሱም በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ጥሪውን መርምሮ ወይ ራሱ ይፈጽመዋል፤ ወይም በዚያው ክልል ውስጥ ለባዮስ ያስተላልፈዋል።

የዛሬዎቹ ባለ 64 ቢት ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች በሚሠሩበት ሁኔታ ግን ፕሮሰሰሩ ይህን ክልል አይሰጥም። ስለዚህ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ የዶስ ፕሮግራሞችን በራሱ አያሠራም። አሮጌውን ኮምፒውተር በሶፍትዌር አስመስለው የሚሠሩ እንደ ዶስቦክስ ያሉ ፕሮግራሞች ግን ብዙዎቹን ሊከፍቱ ይችላሉ።

ስለሆነም አሮጌው ኮምፒውተር በሚሠራበት ጊዜ መዝገቡን በሌላ ማስቀመጫ መገልበጥና በወረቀት ማተም ይገባል። በአዲሱ ላይ መከፈቱ ሳይረጋገጥም አሮጌውን ማስወገድ አይገባም።