የዱር ግልገል ቤት ሲገባ

በምዕራብ ጎጃሟ ወምበርማ ወረዳ በቆሎው እሸት ሲይዝ በየማሳው ማማ ይሠራል፤ ልጆች ወንጭፍ ይዘው ጦጣና ዝንጀሮ ሲጠብቁ ይውላሉ። ከሽንዲ እስከ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ላለ ገበሬ የዱር እንስሳ ጉዳይ በዋናነት የሰብል ጉዳይ ነው። ከጥበቃው መሐል ግን ሌላ ጉዳይ ይመጣል። መንጋው ሲባረር እናቷ የሞተችባት ወይም ከመንጋው የተነጠለች ግልገል ጦጣ ትቀራለች። ልጆች አዝነውላት ቤት ይወስዷታል፤ ወተት ይሰጧታል፤ እንዳትጠፋም ወገቧን በገመድ ያስሯታል። አዋቂውም ነፍስ እንዳዳኑ ቆጥሮ ዝም ይላል።

ነገሩን ከባድ ያደረገው ይኸው አዘኔታ ነው። በሕግ በኩል መልሱ ግልጽ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንንም መነገድንም ከልክሏል፤ አገራችንም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው የሳይትስ ስምምነት አባል ናት። አዋጅ ግን ግልገሏን ላቀፈ ልጅ ምንም አይነግረውም። መንገር ያለብን በኋላ የሚደርስባትን ነው።

ጦጣ ያለ መንጋዋ ሙሉ አትሆንም። ጨቅላዋ የመጀመሪያ ወራቷን የምታሳልፈው በእናቷ ሆድ ሥር ተጣብቃ ነው፤ የትኛው ፍሬ እንደሚበላ፣ ማንን መፍራት እንዳለባት የምትማረው ከመንጋው ነው። ኬንያ አምቦሴሊ ውስጥ በተደረገ የታወቀ ጥናት ጦጣዎች ለነብር፣ ለንስርና ለእባብ የተለያየ የማስጠንቀቂያ ድምፅ እንዳላቸው፣ ግልገሎችም መቼ የትኛውን ማሰማት እንዳለባቸው እያደጉ እንደሚያጠሩት ታይቷል። ሰው ቤት ያደገችዋ ይህን አታውቅም። ጥቂት ዓመት ቆይታ ስትጎለምስ ክራንቻዋ ይረዝማል፤ ያሳደጋትን ልጅ ሳይቀር ትነክሳለች። ንክሻው የእብድ ውሻ በሽታም ሊያመጣ ይችላል። ያኔ ገመዱ በሰንሰለት ይተካል። ዱር ቢለቋት ደግሞ ባዕድ መንጋ አይቀበላትም። ውሻና ላም በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ከሰው ጋር ለመኖር ተላምደዋል፤ እሷ ግን ከማሳው ዳር የመጣችው ትናንት ነው።

የዱር አውሬ ማኖር በአገራችን ከላይም የወረደ ልማድ ነው። ዓፄ ኃይለ ሥላሴ በቤተ መንግሥታቸው አንበሶች ነበሯቸው፤ የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ የተቋቋመውም እ.ኤ.አ. በ1948 በእሳቸው ዘመን ነው። አንበሳው የዘውድ ምልክት ስለነበር ማንም ስለ አጥሩ ጥበት አልጠየቀም። እ.ኤ.አ. በ2006 ግን ግቢው ቦታና ገንዘብ አጥሮት ደቦሎችን እየገደለ ሬሳቸውን ሞልተው ለጌጥ ለሚያዘጋጁ ሰዎች እንደሚሸጥ ተዘገበ። ያንን ዜና ያነበበ ሰው ማኖርን ከመውደድ ጋር አንድ አድርጎ ማየት የሚችል አይመስለኝም።

በቀቀንስ? ብዙ ሰው በቀቀንን ከውጭ የመጣ የሀብታም ቤት ጌጥ አድርጎ ያስባታል። እኛ ግን የራሳችን አሉን፤ ግንባሩ ቢጫ የሆነው በቀቀን ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም፤ ክንፈ ጥቁሩ ትንሽ በቀቀን ደግሞ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋማ ቦታዎች ብቻ ይኖራል። ሁለቱንም በጣና ዙሪያ ማየት ይቻላል፤ ትንሹ የሾላና የዋርካ ፍሬ ይወዳል፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይኖራል፤ በዛፍ ሽንቁር ያድራል። እንዲህ ያለውን ወፍ ለብቻው የሽቦ ጎጆ ውስጥ መዝጋት ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ግራጫውን የአፍሪካ በቀቀን ማየት ይበቃል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ አይሪን ፔፐርበርግ ያስተማረችው አሌክስ ወደ መቶ የሚሆኑ ቃላትን ተጠቅሞ ቀለምንና ቅርጽን ይለይ ነበር። እንዲህ የሚያስብ ፍጥረት ብቻውን ሲዘጋበት የገዛ ላባውን ይነጫል። በቀቀን ከብዙ አሳዳጊዎቹ በላይም ሊኖር ይችላል። ከዱር እየተያዘ የሚሸጠው በዝቶ ዝርያው ስለተመናመነ፣ በዱር ግራጫ በቀቀን መነገድ እ.ኤ.አ. በ2016 በሳይትስ ተከለከለ። በሰው እጅ ተፈልፍለው ለብዙ ትውልድ የተዋለዱትን ትንንሽ ወፎች ከዚህ ለይቼ አያቸዋለሁ፤ ችግሩ ገዢው የትኛው ከዱር እንደተያዘ የሚያውቅበት መንገድ አለመኖሩ ነው።

ከሁሉም የከፋው የአቦ ሸማኔው ዕጣ ነው። ከሶማሌ ክልልና ከአጎራባች አገሮች የተያዙ ግልገሎች በሶማሊላንድ ወደብ፣ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይሻገራሉ። ከአፍሪካ ቀንድ በየዓመቱ 300 ያህል እንደሚወጡ ይገመታል፤ ብዙዎቹ መንገድ ላይ ያልቃሉ። በዓለም ላይ የቀረው የዱር አቦ ሸማኔ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ግምት 7,100 ያህል ነበር። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በዚያው ዓመት በግል ማኖርን በሕግ ከልክላለች፤ ንግዱ ግን አልቆመም።

በሆለታ አካባቢ ያለው፣ ቦርን ፍሪ የተባለው የዱር እንስሳት ተንከባካቢ ድርጅት የእንስሳ ኮቴ ማዕከል እንዲህ ካሉ እጆች የተወሰዱትን ይቀበላል። እዚያ ያሉ አንበሶች ሰፊ ግቢ አላቸው፤ ወደ ዱር ግን አይመለሱም፤ ማደን ስላልተማሩና ሰውን ስለለመዱ ዕድሜያቸውን እዚያው ይጨርሳሉ።

ስለዚህ ወምበርማ ላይ ግልገል ላገኘ ልጅ የሚነገረው ቀላል ነው፦ አትንካት፤ ራቅ በል፤ እናቷ ወይም መንጋው ተመልሶ ሊወስዳት ይችላል። ቆስላ ከሆነ ለወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት ይነገር። ግልገሏ ቀድማ ቤት ገብታ ከሆነም እንዲሁ ይነገር፤ መመለስ የሚቻለው ገና ትንሽ ሳለች፣ መንጋውም ሩቅ ሳይሄድ ነው።