ለበሶብላው የሚበቃ ብርሃን፦ የቤት ውስጥ አትክልት መብራትን እንተዋወቅ

ታኅሣሥ ላይ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አይሞላም፤ ስቶክሆልም ከሆነማ ስድስት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። በዚህ ወቅት መስኮት ሥር በሸክላ የተተከለ በሶብላ ምን እንደሚሆን ያሳደገው ሁሉ ያውቃል። ግንዱ ቀጥኖ ወደ መስታወቱ ይንጋደዳል፣ በአንዱ ቅጠልና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት ይረዝማል፣ ቅጠሉ ይገረጣል። ውኃ ጨምሮ፣ አፈር ቀይሮ የሚድን ነገር አይደለም። የጎደለው ብርሃን ነው።

ያን ብርሃን በኤሌክትሪክ ለመተካት ዛሬ ከኤልኢዲ የሚሻል የለም። ገበያው ግን ገዢውን ግራ ያጋባል። አንዱ ሳጥን «1000 ዋት» ይላል፣ ሌላው የሉመን ብዛት ይቆጥራል፣ ሦስተኛው ሐምራዊ ብርሃኑን የእፅዋት ልዩ ቀለም አድርጎ ይሸጣል። ቅቤ ማንጠሪያ ኮሰረቷንና በሶብላዋን ክረምቱን ሙሉ ከቤቷ መቅጠፍ ለምትፈልግ እናት ሦስቱም የሚጠቅማትን አይነግሯትም።

ለቅጠል ዋናው ነገር የፎቶን ብዛት ነው። ብርሃን ፎቶን በሚባሉ ጥቃቅን የኃይል እሽጎች ይጓዛል፤ ብርሃን አስተፃምሮን የሚያካሂዱት በዋናነት የሞገድ ርዝመታቸው ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር የሆነው፣ ማለትም ከሰማያዊ እስከ ቀይ ያሉት ናቸው። ብዛታቸው የሚለካው በማይክሮሞል ነው። ስለዚህ ጥሩ መብራት የሚባለው ለተከፈለበት ለእያንዳንዱ ጁል ኤሌክትሪክ ብዙ ማይክሮሞል የሚመልስ ነው። ሻጩን አስቀድመው የሚጠይቁት ቁጥር ይህ ነው፦ በአንድ ጁል ስንት ማይክሮሞል?

የድሮው ባለ ክር አምፖል 0.3 ገደማ ይሰጣል። ረጅሙ የፍሎረሰንት ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ 1 አይሞላም። የአውሮፓን ግሪንሃውሶች ሌሊቱን ብርቱካናማ ሲያደርግ የኖረው የሶዲየም መብራት በጥሩ ሥሪቱ ከ1.7 እስከ 2 ይደርሳል። ደህና ኤልኢዲ 2.5ን ያልፋል፣ ምርጦቹ 3ን ተሻግረዋል። በሰሜን አሜሪካ መብራቶችን እየመዘነ የሚመዘግበው ዲዛይንላይትስ ኮንሰርቲየም እ.ኤ.አ. በ2023 ለእፅዋት መብራቶች ያስቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት 2.3 ነበር። ይህን ቁጥር የትም ያልጻፈ ሻጭ ሲያጋጥም እኔ ሌላ ሱቅ መፈለግን እመርጣለሁ።

ሉመን የሰው ዓይን መለኪያ ነው። ዓይናችን አረንጓዴውን አጉልቶ ያያል፣ ቀዩን ያሳንሰዋል፤ ስለዚህ ለቅጠል እጅግ የሚጠቅመው 660 ናኖሜትር ጥልቅ ቀይ በሉመን ሲለካ ከቁጥር የሚገባ አይመስልም። በተቃራኒው፣ ማታ ሳሎን ውስጥ መጽሐፍ ለማንበብ የሚበቃን ብርሃን ለቅጠሉ በካሬ ሜትር በሰከንድ ከ10 ማይክሮሞል አያልፍም፤ የጠራ የቀትር ፀሐይ ወደ 2000 ይደርሳል። በዓይን ግምት ብቻ መብራት መግዛት የማያዋጣው ለዚህ ነው። ዋቱም ቢሆን ያሳስታል። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው 1000 ብዙ ጊዜ «ይተካል» የተባለው የድሮ መብራት ዋት፣ ወይም የዳዮዶቹ (የኤልኢዲ ፍሬዎቹ) የመጨረሻ አቅም ድምር ነው። ሶኬት ላይ በምትሰካ ትንሽ መለኪያ ሲታይ መብራቱ የሚስበው 100 ዋት ገደማ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሐምራዊው ብርሃን ታሪክ አለው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በናሳ ድጋፍ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰላጣን በቀይ ኤልኢዲ ማሳደግ ሲሞክሩ ደማቅ ሰማያዊ ኤልኢዲ ገና አልነበረም፤ ሰማያዊውን የሚያገኙት ከፍሎረሰንት ቱቦ ነበር። በ1993 ሹጂ ናካሙራ በጃፓኑ ኒቺያ ኩባንያ ደማቁን ሰማያዊ አወጣ፤ ለዚህ የሥራ መስክም ከኢሳሙ አካሳኪና ከሂሮሺ አማኖ ጋር በ2014 የፊዚክስ ኖቤልን ተሸለመ። የቅጠል አረንጓዴ ቀለም የሆነው ክሎሮፊል አብልጦ የሚመጠው ቀይና ሰማያዊ ስለሆነ፣ ሁለቱን ብቻ ቀላቅሎ ሌላውን መተው ቁጠባ መሰለ። ነገር ግን ሙሉ ቅጠል ከብልቃጥ ውስጥ ክሎሮፊል የተለየ ነው። ኪት ማክሪ ቴክሳስ ውስጥ የ22 ዓይነት ሰብሎችን ቅጠል ለክቶ በ1972 ባሳተመው ጥናት አረንጓዴውም ብርሃን በደንብ እንደሚሠራ አሳይቷል። አረንጓዴ ወደ ቅጠሉ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፣ ከላይኛው ቅጠል አልፎም ለታችኛው ይደርሳል።

ዛሬ ለቤት የምመርጠው ነጭ ሆኖ ጥልቅ ቀይ የተጨመረበትን ነው። ነጩ ኤልኢዲ ከሥሩ ሰማያዊ ዳዮድ ነው፤ በላዩ የተቀባው ቢጫ ፎስፈር ከሰማያዊው አብዛኛውን ወደ አረንጓዴና ወደ ቀይ ይለውጠዋል። ቀዩ የሚጨመረው በአንድ ጁል የሚገኘውን የማይክሮሞል ቁጥር ከፍ ስለሚያደርግ ነው። ቀይ ፎቶን ከሰማያዊው ያነሰ ኃይል ይይዛል፤ አንድ ጁል ምንም ሳይባክን ቢለወጥ 660 ናኖሜትር ላይ 5.5 ማይክሮሞል፣ 450 ላይ ግን 3.8 ገደማ ብቻ ይወጣዋል። ሌላም ጥቅም አለ። በሐምራዊ ብርሃን ሥር ቅጠል ሁሉ ጠቁሮ ይታያል፤ በነጭ ብርሃን ግን ቢጫ መሆን የጀመረውን ጠርዝና ከቅጠሉ ሥር የተጣበቀውን ተባይ በጊዜ ማየት ይቻላል።

ሻጮች የዳዮዱን ስም፣ በተለይ የሳምሰንግን ኤልኤም301፣ በትልቁ ይጽፋሉ። ዳዮዱ በእርግጥ ጥሩ ነው። ሆኖም ብዙ ኤሌክትሪክ ሲገፋበት ቅልጥፍናው ይወርዳል፣ ሲግልም እንዲሁ። ጥቂት ዳዮዶችን አስጨንቆ የሚያሠራ መብራት፣ ብዙ ዳዮዶችን በዝግታ ከሚያሠራው ጋር ዳዮዱ አንድ ሆኖ ውጤቱ ይለያያል። ወፍራም የአሉሚኒየም ጀርባና ኤሌክትሪኩን የሚመጥን ጨዋ ድራይቨር ዋጋ የሚያስጨምሩት በከንቱ አይደለም።

አሁን ሒሳቡን በአንድ መደርደሪያ ላይ እንሥራው። ስፋቱ 60 በ60 ሴንቲሜትር ነው፤ 0.36 ካሬ ሜትር ይሆናል። ለሰላጣ በካሬ ሜትር በሰከንድ 200 ማይክሮሞል ቢፈለግ ቅጠሉ ላይ መድረስ ያለበት 72 ነው። ከሚወጣው ብርሃን አንድ አምስተኛው ወደ ጎን ይባክናል ብንል መብራቱ 90 ማይክሮሞል በሰከንድ ማመንጨት አለበት። ዋት ማለት ጁል በሰከንድ ስለሆነ፣ 2.5 የሚሰጥ መብራት ይህን በ36 ዋት ይሠራዋል፤ 1.2 የሚሰጠው ርካሽ ግን 75 ዋት ይፈልጋል። በቀን 16 ሰዓት ለ30 ቀን ቢበራ የመጀመሪያው 17 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፣ ሁለተኛው 36 ይቆጥራል። ርካሹ መብራት ልዩነቱን በየወሩ በቆጣሪ ያስከፍላል። ያ 200 ማይክሮሞል በ16 ሰዓት ውስጥ ቅጠሉ ላይ በቀን በካሬ ሜትር 11.5 ሞል ገደማ ያሳርፋል፤ ለሰላጣ ይበቃል፣ ለበሶብላ ትንሽ ይጨመርለት። ቲማቲምና ቃሪያ ፍሬ እንዲይዙ ግን ከ20 እስከ 30 ሞል ስለሚሹ በ36 ዋት ባይሞከር ይሻላል።

ውድ የፎቶን መለኪያ ለሌለው ሰው ስልክ ይረዳዋል። ብርሃንን በሉክስ የሚለካ መተግበሪያ ጭኖ፣ ስልኩን ቅጠሉ ባለበት ከፍታ አስተኝቶ፣ የተነበበውን ለ70 ማካፈል ነው፤ 14000 ሉክስ 200 ማይክሮሞል ገደማ ይሆናል። ግምት ነው፣ ደግሞም የሚሠራው ለነጭ ብርሃን ብቻ ነው። መሐሉንና አራቱን ማዕዘኖች መለካት አይዘንጋ። መሐሉ 300፣ ማዕዘኑ 80 ከሆነ መብራቱ ከፍ ይበል፣ ወይም በአንዱ ትልቅ ፋንታ ሁለት ቀጫጭን ባሮች ይሰቀሉ። ሰዓቱን ለታይመር መተው ነው፤ ሌሊቱም ጨለማ ይሁንለት።

አገር ቤት፣ በረንዳው ፀሐይ ለሚያገኝ ሰው ይህ ሁሉ ወጪ አያስፈልገውም። መብራቱ በእውነት የሚያስፈልገው የሙዝ፣ የእንሰትና የሸንኮራ አገዳ ችግኝ በቲሹ ካልቸር፣ ማለትም ከትንሽ የተክል ቁራጭ በብልቃጥ ውስጥ፣ በሚባዛበት ላቦራቶሪ ነው። እዚያ ብልቃጦቹ በመደርደሪያ ተደራርበው፣ በ25 ዲግሪ አካባቢ፣ በቀን 16 ሰዓት ብርሃን ያድጋሉ። የፍሎረሰንት ቱቦ ሙቀት ከላይኛው መደርደሪያ ያሉትን ብልቃጦች ከሥራቸው ያግላል፤ መብራት የበላው ኤሌክትሪክ መጨረሻው ሙቀት ስለሆነ ማቀዝቀዣው ደግሞ ያንኑ ለማስወጣት ሌላ ኤሌክትሪክ ይበላል። ቀልጣፋ ኤልኢዲ ሁለቱንም ወጪ ይቀንሳል። ቡቃያው ስኳሩን ከተኛበት ማብቀያ ስለሚያገኝ 50 ማይክሮሞል ገደማ ይበቃዋል፤ ለዚህ ሥራ ቀጭን ነጭ የኤልኢዲ ቱቦ በቂ ነው፣ ለቲማቲም የተሠራውን ትልቁን መብራት መግዛት አያስፈልግም።