ክብደት መቀነስና ድካም በመተማ ቆላ

መተማ ዮሐንስ ስሟን ያገኘችው በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ቆስለው ከሞቱት ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ነው። ዛሬ የምትታወቀው በሰሊጧና በሙቀቷ ሲሆን፥ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። በእንዲህ ያለ አገር ውፍረቱን ለመቀነስ የሚጥር ሰው «ደከመኝ» ሲል፥ የድካሙን ምክንያት በሦስት ከፍለን ማየት ይገባናል።

አንደኛው የውሃ መጉደል ነው። ምግብ ሲቀነስ ሰውነት በመጀመሪያ የሚያወጣው በጉበትና በጡንቻ ያስቀመጠውን የስኳር ስንቅ ነው። ከዚህ ስንቅ እያንዳንዱ ግራም ወደ 3 ግራም የሚሆን ውሃ ይዞ ስለሚኖር፥ ስንቁ ሲያልቅ ውሃውም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛን ላይ የሚታየው ቅናሽ አብዛኛው ስብ ሳይሆን ውሃ ነው። በዚህ ላይ የቆላው ላብ ውሃና ጨው ሲወስድ ራስ ይዞራል፥ ጉልበትም ይከዳል። መድኃኒቱ ጥም ሳይጠብቁ ውሃ መጠጣት፥ ጨውንም ከወጡ ፈጽሞ አለማጥፋት፥ ሥራን በጧትና በማታ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው ችኮላ ነው። 1 ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። በቀን 500 ካሎሪ የሚቀንስ ሰው በሳምንት ግማሽ ኪሎ ያህል ይቀልለዋል። ከዚህ እጅግ አብልጦ የሚቸኩል ግን ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ስለሚያጣ ይዝላል። ምስር፥ ሽምብራና ባቄላ ጡንቻን ስለሚጠብቁ፥ በጾም ወራት እንኳ ሊቀሩ አይገባም። ሰሊጥ ግን ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው፤ እንጀራውን ቀንሶ ቀኑን ሙሉ ሰሊጥ የሚቆረጥም ሰው ራሱን ያታልላል።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው፤ ይኸውም ሰው ሳይፈልገው የሚመጣ ክሳት ነው። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ብዙዎቹ ሌሊቱን በሜዳ ያድራሉ። በተሰነጠቀው የዋልካ መሬትና በግራሩ ሥር የምትኖር እጅግ ትንሽ ደም መጣጭ ዝንብ ካላዛር የተባለውን በሽታ ታስተላልፋለች። ምልክቱ የማይለቅ ትኩሳት፥ የጣፊያ ማበጥ፥ የደም ማነስ፥ ድካምና ክሳት ነው። ሳይታከም ከቀረ ከ100 ሕሙማን ከ95 በላይ የሚሆኑትን ይገድላል፤ በጊዜው ከተደረሰበት ግን ይድናል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ሕክምናው ይሰጣል።

እንግዲህ መለያው ይህ ነው። ምግቡን ቀንሶ የደከመ ሰው ውሃ ሲጠጣ፥ ደኅና ሲመገብና ሲተኛ በጥቂት ቀን ይበረታል። ምግቡን ሳይቀንስ የሚከሳ፥ ትኩሳትም ያለበት ሰው ግን ወባም ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ይመርመር። ከቆላ የተመለሰ ወንድማችን ልብሱ ሰፍቶት ስናየው «የሥራ ድካም ነው» ብለን አንለፈው፤ «ያተኩስሃልን?» ብለን እንጠይቀው።