አገዳ መቼ ይተከል?

ወንጂ አገዳ መፍጨት ከጀመረ ከሰባ ዓመት በላይ ሆነው። በ1946 ዓ.ም. ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ያስጀመረው ሥራ ዛሬ የመተሐራን፣ የፊንጫን፣ የበለስንና የኦሞን ስኳር ፋብሪካዎች ወልዷል፤ የተከላው ወር ግን እስካሁን ያከራክራል።

ክርክሩ የሚነሳው ከሙቀት ነው። ዘር አገዳ ሁለት ወይም ሦስት ዓይን እንዲኖረው ተቆርጦ ቦይ ውስጥ ይጋደማል። አፈሩ ወደ 30 ዲግሪ ከተጠጋ ዓይኑ ቶሎ ይፈነዳል፤ ከ20 በታች ከወረደ ግን ይዘገያል፣ ሲቆይም ይበሰብሳል። ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው ወንጂ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቱ ስለሚበርድ በዚያ ወቅት የተተከለ ማሳ ሊሳሳ ይችላል። ክረምቱም ውሃ ለሚያቁረው ጥቁር መሬት አይመችም። ቆላው መተሐራ ብርዱን ብዙም አይፈራም።

ያው ብርድ ታዲያ ለደረሰ አገዳ ሲሳይ ነው። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝና ውሃው ሲቋረጥ ዕድገቱ ይገታና ስኳሩ በግንዱ ይጠራቀማል። ስለዚህ የተከላው ወር ትልቁ ሥራ ብርዱ ሲመጣ አገዳው ስንት ወሩ እንደሚሆን መወሰን ነው።

የሰሜን ህንድ ገበሬ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። በጥቅምት የተተከለው በየካቲትና በመጋቢት ከተተከለው የተሻለ ምርትና ስኳር ይሰጣል፤ ስንዴ ታጭዶ በሚያዝያ የሚተከለው የሁሉም መጨረሻ ነው። ያም ሆኖ ስንዴው ስለሚቀድም የሚያዝያው ተከላ አልቀረም። ብራዚል ደግሞ የዓመትም የዓመት ተኩልም አገዳ አላት። የዝርያና የአበባ ጉዳይ ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ የጣና በለስ ስኳር ፕሮጀክት ነገር ነው። አገዳው ፋብሪካው በዕቅዱ መሠረት ይደርሳል ተብሎ ተተከለ፤ ፋብሪካው ዓመታት ዘገየ፤ ዕድሜው ያለፈበት አገዳም እንዲወገድ ተደረገ። ያረጀ አገዳ ይጋደማል፣ ይሰነጠቃል፣ ቃጫው ይበዛል፤ ስኳሩ ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ስለሚለወጥም ጭማቂው እንደልብ ስኳር አይወጣውም። ይህን ጥፋት የትኛውም የተመረጠ የተከላ ወር አይመልሰውም። የተቆረጠ አገዳ እንኳ በአንድ ሁለት ቀን ካልተፈጨ ጥራቱ ይወርዳል፣ በማሳ ለዓመታት የሚጠብቀውማ!

ፋብሪካዎቻችን በክረምት ለጥገና ይቆማሉ፤ ቆረጣው በበጋ ነው። የተከላው ፕሮግራም እንግዲህ ከወፍጮው ተነስቶ ወደ ኋላ መቆጠር ነበረበት። አንድ የማይዋጥልኝ ልማድም አለ፤ የ20 ወር አገዳ በሄክታር ብዙ ቶን ሰጠ ተብሎ ከ12 ወሩ በላይ ይሞገሳል፣ መሬቱን ስምንት ወር ተጨማሪ መያዙ ግን አይነሳም። የተከላ ወር የሚያጠኑ ባለሙያዎች ውጤታቸውን በሄክታር በወር የተገኘ ስኳር አድርገው ያቅርቡልን።